ደረቴ ላይ ያልታየው ቀይ ነጥብ

ውድ አባዬ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሬሃ ማገገሚያው ውስጥ የሚያሠሩዎትን እንቅስቃሴ እባክዎ ሳይለግሙ ይሥሩ። ትናንት አበቦችዎን ላጠጣ ቦርንሃይም ቤትዎ ሄጄ ነበር። ሌላ ፓኬት መጥቶልዎታል። ጎረቤትዎ ተቀብላ አስቀምጣልኝ፣ ሳልከፍተው ምን እንደሆነ አወቅኩ። ከሰኔ ወዲህ ስድስተኛው ነው። ይህን የምጽፍልዎት ፊት ለፊት መናገር ስለፈራሁ ነው። ያስተማሩኝን ፊደል ለዚህ አዋልኩት። በአርባ ሦስት ዓመቴ አባቴን መፍራት ጀመርኩ ብልዎት ይስቁብኝ ይሆናል።

የሽጉጥዎ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተኩስ ክለቡ ሲሄዱ አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ኦስትሃፈን መጋዘን አብሮዎት ይሠራ የነበረው ሄር ዌበር አንድ ቀን ወሰደዎት፣ እዚያው ቀሩ። እናቴ ጽገ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጦርነት ሸሽቶ መጥቶ ደግሞ ሽጉጥ እያለች ትነጫነጭ ነበር። የክለቡ የተኳሾች ንጉሥ ተብለው ያንን የብር ሐብል ያጠለቁ ቀን ግን ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ፎቶው አሁንም ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፣ ከእነዚያ ሁሉ ጀርመኖች መሃል ደረትዎን ነፍተው።

ባለፈው ዓመት ጥይቱ ወደ ግራ ግራ መሄድ ጀመረ። ጥፋቱ የማነጣጠሪያዋ ነው አሉ፤ ያቺ ሽጉጡ ላይ የተገጠመችው፣ በመስታወቷ ውስጥ ቀይ ነጥብ የምታሳየው። ነጥቧን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ብሎኖች የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ ጣትዎ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አለዎት። መጀመሪያ ቁጥር የተጻፈበት መፍቻ አዘዙ። ቀጥሎ ብሎኑ ላይ የሚገጠም፣ በጣት የሚዞር ትልቅ ማዞሪያ። ከዚያ ከሥሯ ገብቶ ከፍ የሚያደርጋት ብረት። ፋብሪካው ያልሠራውን ሁሉ ሌላ ሰው ሠርቶ ይሸጣል ለካ። እኔም ሽጉጡ ከእርስዎ ይልቅ ብዙ ሐኪም አየ እያልኩ እቀልድብዎት ነበር። አፌ ቁርጥ ይበል።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንደ ልማዴ በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እርስዎ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር አድርገው ተቀምጠዋል፣ ሽጉጡን በሁለት እጅዎ ወደ እኔ ቀጥ አድርገው ይዘዋል። የዳቦው ከረጢት ከእጄ ወደቀ። መጀመሪያ ያየሁት ደረቴን ነው። በፊልም እንደማየው ቀዩን ነጥብ ሹራቤ ላይ ፈለግኩት። ምንም የለም። ስለዚህ እኔ ላይ አላነጣጠሩም ብዬ ትንፋሼ ተመለሰ።

«ማነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባዬ፣ ገነት።»

እጅዎ ቶሎ አልወረደም። እስኪወርድ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር እሰማ ነበር። በኋላ ሳቁና፣ አዲሱን ማዞሪያ እየሞከርኩ ነው፣ ሽጉጡ ባዶ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል አሉኝ። ዳቦውን ከመሬት አነሳሁ። አመንኩዎት።

ቅዳሜ ክለቡ ድረስ አብሬዎት ሄድኩ። ሄር ዌበር ሽጉጥዎን ተቀብሎ አምስት ጊዜ ተኮሰ፤ አምስቱም መሃል ገቡ። እርስዎ የዒላማውን ወረቀት አጥፈው ኪስዎ ከተቱት። እጅዎን ሊታጠቡ ሲሄዱ፣ ነጥቡ ለምን ወረቀቱ ላይ አይታይም ብዬ ጠየቅኩት። ይሄ እኮ ሌዘር አይደለም አለኝ እየሳቀ። «ነጥቡን የሚያየው በመስታወቱ የሚመለከተው ሰው ብቻ ነው። ፊት ለፊት የቆመው ምንም አያይም።»

ያ ማክሰኞ እኔ ያላየሁትን ነጥብ እርስዎ ደረቴ ላይ አይተውት ይሆናል ማለት ነው። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው ሙቀቱ ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፌን በርዎ ላይ ስሰካ እጄ ይንቀጠቀጣል። አባትና ልጅ አንድ ሆንን።

ትናንት ፓኬቱን ከሌሎቹ ጋር ላስቀምጥ መሳቢያውን ስከፍት ደብተርዎን አገኘሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አነበብኩት። ብሎኑን በየቀኑ ስንት እንዳዞሩት ጽፈዋል፤ ሁለት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ቀኝ፣ አሥራ አንድ ወደ ቀኝ። የዚያ ማክሰኞ ጽሑፍ ግን እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ሴት በሩን ከፍታ ገባች። ገነት ነኝ አለች። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ያየሁት ከሄደች በኋላ ነው።» የቅዳሜው ደግሞ ሦስት ቃል ነው፦ «ነጥቡ ደህና ነው።»

ነጥቡ ደህና መሆኑን አውቀው ነው ስድስተኛውን ፓኬት ያዘዙት? ብቻዎን ሆነው ይህን ሁሉ ሲሸከሙ እኔ ስቀልድብዎት ነበር። በጣም ፈርቻለሁ አባዬ። ሽጉጡን እፈራለሁ፤ ከሽጉጡ ይልቅ ግን ያንን «ማነሽ» እፈራለሁ።

ሽጉጡ የሚቆለፍበትን ካዝና ቁጥር የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሐሙስ ከሬሃ ሲወጡ ሄር ዌበር ከእኔ ጋር ይመጣል። ፈቃድ ስላለው ሽጉጡን ተረክቦ ማቆየት ይችላል። በገዛ እጅዎ ከፍተው ይስጡት። እምቢ ካሉ ለመሣሪያ ፈቃድ ቢሮው ራሴ እናገራለሁ፤ ቢቀየሙኝም እናገራለሁ። ሰኞ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ፣ አብሬዎት እገባለሁ። ፎቶውን ማንም ከግድግዳው አያወርደውም።

ቁልፍዎን አልመልስልዎትም። ከእንግዲህ ግን ዘው ብዬ አልገባም። ደውሉን ደውዬ በሩ ላይ ቆሜ ስሜን እናገራለሁ፤ እስኪያውቁኝ ድረስ እየደጋገምኩ እናገራለሁ።

ገነት ነኝ፣
የእርስዎና የጽገ ልጅ።