አሮጌው ሞተር ወደ ባሕር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6
ከሥራ መልስ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ የአባቴን ቫን ከፍቶ እያያት ነው። አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ ቫን... አባቴ ከሞተ ወዲህ ጓሮ ቆማ የኖረች።
"ልቧ ደህና ነው። ትንፋሽ ግን ያጥራታል" አለኝ።
ተራራ ትወጣለች? አልኩት።
"ትወጣለች። ኤሊ እየቀደማት።"
ሌላ ሞተር አሳየኝ። በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ጉልበቱ እጥፍ። ልቤ ሸፈተ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ እኮ፤ ዳገት ላይ ሞተር ሲያቃስት አልወድም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8
የዓይን ሐኪሙ ዛሬ እናቴን አልሸነገላትም። የቀራት ብርሃን ከዓመት አያልፍም።
ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች። "እንግዲያው ባሕር አሳዪኝ።"
አይታው አታውቅም። እኔም...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11
የትኛው ሞተር ይሻላል? አዲሱ ወደ ባሕር በሚወስደው ተራራ ላይ ቢበላሽብኝስ?
"አዲሱ አንበሳ ነው" አለ መካኒኩ። "አንበሳ ሲታመም ግን ማን ደፍሮ ይጠጋዋል? ለአሮጌው መፍቻና ትዕግሥት ይበቃሻል።"
መዘግየቱን እንችለዋለን። መንገድ ላይ መቅረቱን ግን... አሮጌው ይሁን አልኩ። ቺንጊያ የሚባለውን የሞተር ቀበቶ መቀየር አስተማረኝ፤ መለዋወጫም ሰጠኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21
ዳገቱ። የጭነት መኪኖች ሳይቀሩ ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። ጫፉ ጋ ልንደርስ ስንል ከመሪው ፊት የማስጠንቀቂያው ቀይ መብራት በራ። አቆምኩ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጥሷል።
ሮጬ መፍቻ አወጣሁ። እናቴ ወርዳ አጠገቤ ቆመች።
"አትቸኩዪ። የተፈታ ይታሰራል።"
ብሎኑን ፈታሁ፣ መለዋወጫውን ቺንጊያ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ። ቁልፉን ሳዞር... ተነሣ። እኔ ነኝ ያስነሳሁት? ብረት ከእጄ ሥር ነፍስ ሲዘራ አየሁ። እጄ ቅባት እንደሆነ ቆሜ አዳመጥኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22
ባሕር። ምን ብዬ ልጻፈው? ዳር የለውም።
እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆመች። ማዕበሉን እያየች፣ "ይህ ሁሉ እዚህ እያለ ነው ሳናየው የኖርነው?" አለች።
ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ገባሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 10
ለእናቴ አሁን ቀንና ሌሊቱ አንድ ሆኗል።
ጠዋት መካኒኩ ደወለ። "ለዚያ ላቆየሁልሽ ለአዲሱ ሞተር ገዢ መጣ። ልስጠው?" ስጠው አልኩት።
ጎረቤታችን እናቴን ሊጠይቅ መጥቶ ስለ ባሕሩ አነሣባት። ነገረችው። ማዕበሉ ሊሰበር ሲል ጫፉ ላይ ስለሚያበራው አረንጓዴ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ስለተኛው ሰማይ...
እኔም እዚያው ነበርኩ። ያን አረንጓዴ አላየሁትም።
እሱ ሲሄድ አጠገቧ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።
"እማዬ፣ እንደገና ንገሪኝ።"