«ብቻሽን ተጓዢ» ያለኝ መጽሐፍ

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ?

የአውሮፓ ጉዞ መምሪያዬ «ብቻሽን ተጓዢ፤ ነፃነት ነው» ይላል። ውሸቱን ነው! አራት ቀን ሙሉ ከ«ይቅርታ» እና ከ«አመሰግናለሁ» በቀር ከአፌ ቃል አልወጣም። እኛ ዘንድ ቢሆን ገና ሳልቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ?» እባል ነበር።

ዛሬ ዝናብ አባሮኝ ባቡር ጣቢያው ካፌ ገባሁ። እናቴን የምታክል አስተናጋጅ ከፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር ልትወስድ መጣችና «ሰው ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

ሳላስበው «አዎ፣ ጓደኛዬን» አልኳት።

ወንበሩን ትታልኝ ሄደች። እኔም የምትመጪ ይመስል አንድ ሰዓት ሙሉ በር በሩን ሳይ ቆየሁ። ስትመለስ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ባቡሩ ዘግይቶባት ይሆናል» ስትለኝ እንባዬ መጣ።

አብረን እንሂድ ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ፖስትካርዱ ሞላ፤ እትዬንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ለከርሞ ወይ ሁለታችንም እንሄዳለን፣ ወይ ሁለታችንም እንቀራለን።