የወይኑ ጉድጓድ

ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር
ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአንዳርጋቸው፣ ለሥራ ከሄድህበት ዝዋይ ይድረስህ።

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ደኅና ነኝ። እናትህም ደኅና ናቸው። እህትህ ፀሐይወርቅ ግን ከአልጋ አልተነሣችም።

በስልክ አልሆን ቢለኝ ጻፍሁልህ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነው። የጨመቅነው ወይን በጉድጓዱ ውስጥ በየጋኑ እየፈላ ነበር። ደውለህ እንዳዘዝኸኝ፣ ሙቀት እንዳይገባው ብዬ የጉድጓዱን አፍ ሦስት ቀን በቆርቆሮ ከድኜ አቆየሁት። «በአራተኛው ቀን አንቺ ራስሽ ውረጂና አማስዪው፤ ሌላ ሰው እንዳታስወርጂ» ብለኸኝ ነበር።

ጠዋት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ፀሐይወርቅ፣ «ደክሞሻል፣ እኔ እወርዳለሁ» አለችና ቆርቆሮውን አንሥታ በመሰላሉ ወረደች። ማማሰያው ሲወድቅ ሰማሁ። ብጠራት፣ ብጠራት፣ ዝም።

ጎረቤታችን መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ሮጠው መጡ። ጧፍ ለኩሰው በገመድ ቢያወርዱት ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ።

«የሚፈላው ወይን አየሩን በልቶታል! እንዳትወርጂ!» ብለው ጮኹ።

ትንፋሼን ይዤ ወረድሁ። ገመዱን በብብቷ ሥር አሰርሁላት፤ እሳቸው ጎተቱ። እኔ እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም።

ነፍሷ ተርፋለች። እጇ ግን ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ስሜም ይጠፋባታል። እናትህ «ጋኔን ነው» ብለው ጠበል ያስጠምቋታል።

አራት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አንተ ቆርቆሮውን ከዋዜማው ታነሣው ነበር። ባትሪ እያለህ ጧፍ ታስቀድም ነበር። ለምን ብልህ «ልማድ ነው» አልኸኝ። ዘንድሮ ክደኚው አልኸኝ። ሽጪው ያልኸኝን የአባቴን ቦታ አልሸጥም ካልሁህ ወዲህ የደወልኸው ጉድጓዱን ለማስከደን ብቻ ነው።

የአምናውን ጠርሙሶች ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ወሰደልን። እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ መድኃኒት ስለሌለው ቀዝቃዛ ቦታ እንዲያስቀምጡት ነገርኋቸው። አስተናጋጇን ሲናንም «እንዳትነቀንቂው፣ ዝቃጩ ከታች ይቅር፣ ቀስ አድርገሽ ቅጂ» አልኋት። ቀምሳ «ባለሙያው የት ሄደ?» አለችኝ።

ትናንት ፀሐይወርቅ ነቃ ብላ ትክ ብላ አየችኝ። «ወንድሜ አንቺ ብቻ እንድትወርጂ ለምን ፈለገ?» አለችኝ። ያንተ እህት ናት፤ አንተ መልስላት።

ጾሙ ሳይገባ ና። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህንም ይመልስልህ። ስትመጣ ግን በቀን ይሁን። በሩን ገና በጊዜ ከውስጥ እንቆልፋለን።

ባለቤትህ ባንቺአየሁ