ለሰደቃ የሰጠሁት ደብተር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሂክማ ትከሻዋ ከፈቲያ በሁለት ጣት ይሰፋል። ዛሬ ለካሁት። እናቷ ዘሃራ ሦስት ሜትር ነጭ ጨርቅ ይዛ ገባችና "ለልጄ ጋውን ስፊልኝ። ሰኞ ደሴ ልምምድ ትጀምራለች። ከአንቺ እጅ ሌላ አላምንም" አለችኝ።

"ማብሩክ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ጆሮዬ ግሎ ነበር።

ፈቲያ ልጄ ነበረች። አንድ ልጄ። ከሂክማ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ነርስ እንሆናለን ያሉትም አንድ ላይ ነው። አስራ ሁለተኛን በጨረሱ ክረምት ፈቲያ ታመመች። ከሞተች ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሂክማ ሁለተኛ ዓመት ገባች።

ሜትሩን በደረቷ ሳዞር ልቧ እጄ ላይ መታ። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ለጎረቤት ያልነገርኩት ነገር አለ። ቅዳሜ ፈተና አለኝ። ደሴ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ፣ ትምህርት ካቆሙ ብዙ ዓመት ለሆናቸው ሰዎች መግቢያ ኮርስ ይሰጣል። ፈተናውን ያለፈ ስድስት ወር ይማራል፤ ከዚያ ወደ ነርስነት ይቀጥላል። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ እስከ አስረኛ ክፍል ነው።

ለምን ተመዘገብሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። ፈቲያ አልጋ ላይ ሳለች ሐኪሞቹ ከበላይዋ ሲነጋገሩ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ቆሜ ነበር። አንድም ቃል አልገባኝም። ዳግመኛ በማንም ሰው አልጋ አጠገብ እንደዚያ መቆም አልፈልግም።

ይመጣል የተባለው፦ ልብና ደም። ሳንባ። ኩላሊት። ክፍልፋይ። ፐርሰንት። የቀረኝ ሦስት ቀን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ አጥንቼ አራት መስመር ብቻ ገባኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። አንዷን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ስፈልግ የፊተኛዋ ትጠፋኛለች።

ፈቲያ ከእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ሥር በአማርኛ ትጽፍ ነበር። አራት ደብተር ሙሉ። እኔ መኪናዬ ላይ ስሰፋ እሷ አጠገቤ ጮክ ብላ ታነበው ነበር። ያኔ አልሰማኋትም። ኮሌታ እየቆጠርኩ ነበር።

አሁን ደብተሮቹ ሂክማ ቤት ናቸው። ማንም አልወሰደብኝም። እኔው ነኝ የሰጠሁት። በአርባው ሰደቃ ሳወጣላት ልብሷን ወላጅ ለሌላቸው የቲሞች ሰጠሁ። ደብተሮቹን ደግሞ፣ ሼሁ ሰው ከተማረበት ምንዳው ለእሷ ይደርሳል ቢሉኝ፣ ለሂክማ ሰጠኋት። ሰደቃ ደግሞ አይመለስም። እኛ ሰፈር ሰደቃዬን መልሱልኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን?

ምንዳው ለፈቲያ ይድረስ። ማርኩ ግን ለሂክማ ነው የደረሰው።

የፈቲያ አባት ከሚሌ ደወለ። በከባድ መኪናው ጭነት ይዞ ነው። ስለ ፈተናው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። "አሁን ማንን ልታክሚ ነው?" አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ደክሞት ነው። መስመሩ ተቋረጠ።

ከሰዓት ጋውኑን ቆረጥኩ። ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያየሁት። ትከሻውን በፈቲያ ልክ ነው የቆረጥኩት። የሂክማ ልክ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፊቴ ነበር። ሃያ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ተሳስቼ ነው ወይስ ሆን ብዬ? ወላሂ አላውቅም። ዝም ብዬ ሰፋሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጋውኑን እንድትለካው ቤታቸው ወሰድኩላት። እጇን አስገባች፤ ጀርባዋ ላይ ተወጠረ።

"ትንሽ ያዘኝ መሰለኝ፣ እትዬ ሰዓዳ። ግን ይሁን፣ ይለምዳል" አለች።

"ምን ይለምዳል! ወፍረሽ ነዋ" አለቻት ዘሃራ። "የዶርም ዳቦ ትከሻ ያወጣል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ የተሰደበችው ልጅቷ ናት።

ልታወልቀው ወደ ጓዳ ገባች፣ እናቷም ተከተለቻት። ጠረጴዛው ላይ ከአራቱ ደብተሮች አንዱ ነበር። አረንጓዴ ሽፋን፣ ጥግ ላይ በፈቲያ እጅ ስሟ። ሂክማ ጋውኑን አምጥታ ስትሰጠኝ ደብተሩ ነጠላዬ ሥር ነበር። "አሰፋዋለሁ፣ ነገ ውሰጂ" ብዬ ጋውኑን በላዩ አጥፌ ወጣሁ። የሰጠሁትን ሰደቃ ሰረቅሁ።

በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ጽሑፏን ሳየው መጀመሪያ ማንበብ አቃተኝ። ከዚያ ግን ገባኝ። ሁሉም ይገባኛል! ደም ከልብ በቀኝ በኩል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ይታጠባል፣ በግራ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ሰውነት ይወጣል። ልክ እንደ ክር ነው፤ ወጥቶ ይመለሳል፣ የትም አይበጠስም። በአንድ ምሽት ስድስት ገጽ።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አየሁ። የሂክማ ጽሑፍ ነው። "ፈቲ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው ደም ቅዳ ነው እንጂ ደም መልስ አይደለም። ደሙ ቢጠቁርም ከልብ ከወጣ ደም ቅዳ ነው።" ቀጣዩ ገጽ ላይ፣ "ፈቲ፣ ይሄ ዛሬ ፈተና ላይ መጣ፣ በአንቺ ምክንያት አገኘሁት።" ሌላ ገጽ ላይ፣ "ፈቲ፣ ዛሬ አስከሬን ክፍል ወሰዱን። አንቺን አስቤ ወጣሁ።"

ዘጋሁት። እስከ ዛሬ በሂክማ የቀናሁት በትምህርቷ ነበር፣ በጋውኗ፣ በሚመታው ልቧ። ይሄ ባሰ። እሷ ዓመት ሙሉ ከልጄ ጋር ስታወራ ነበር። እኔ መቃብሯ ላይ ቆሜ እንኳ ቃል አይወጣኝም።

አርብ፣ ጥቅምት 7

ትከሻውን ፈትቼ አሰፋሁት። ለማስፊያ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ነበር፤ ሳልቆርጠው የተውኩት አላህ አውጥቶኝ ነው።

ከጁምዓ በኋላ ሂክማ መጣች። ደብተሩ የምቀመጥበት ትራስ ሥር ነበር። ጋውኑ ልክ ሆነላት፣ አመሰገነችኝ፣ አልሄደችም።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ከጋውኑ ጋር አንድ ደብተር አልመጣም? አረንጓዴ። የ... የፈቲ።"

"አላየሁም" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

"እናቴ ቤቱን ገለበጠችው። የትም የለም" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እርስዎ እንዳይሰሙ ብለን ነበር። የአደራ ዕቃ ጣለችብኝ እንዳይሉ።"

ከሄደች በኋላ ደብተሩን ከትራሱ ሥር አወጣሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ትንሽ ብሎኛልም። ከዚያ ማጥናት ጀመርኩ። ማጥናቴን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን አጠናሁ። ቀዩን እየዘለልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በመጀመሪያው ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወጣሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር። ደሴ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ የቆላ ሰው ሆኛለሁ። እርሳስ ሁለት፣ ላጲስ አንድ፣ መታወቂያ።

በሩ ላይ የቆመው ፈታኝ የፈቲያ እኩያ ነው። "እናት፣ ወላጅ ውጭ ነው የሚጠብቀው" አለኝ።

"ልጅ የለኝም። ተፈታኝ ነኝ" አልኩት።

እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ወንበሬን እራሱ ፈልጎ አሳየኝ።

ፐርሰንቱ ቀለለኝ፤ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩበት ነው። ኩላሊቱ ግማሽ ግማሽ። ከዚያ መጣ። ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው የትኛው ነው? አርተሪ ወይስ ቬይን፣ ማለትም ደም ቅዳ ወይስ ደም መልስ።

ቀዩን ዘልዬዋለሁ ብያለሁ እንጂ አንዴ አንብቤው ነበር፣ አልወጣልኝም። ፈቲያ ቬይን ብላለች። ሂክማ አርተሪ። እርሳሴን ይዤ ቆየሁ። ከሞተች ወዲህ ፈቲያ ተሳሳተች ያለ ሰው የለም። ሁሉም ጎበዝ ነበረች፣ ጨዋ ነበረች፣ መልአክ ነበረች ይላል፤ እኔም እላለሁ። እኔ የወለድኳት ግን ጫማዋን አዛብታ የምታደርግ፣ ስትሳሳት የምትከራከር ልጅ ነበረች።

አርተሪን አጠቆርኩ። "ተሳስተሻል፣ የኔ እናት" አልኳት በልቤ። ለመጀመሪያ ጊዜ አወራኋት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ደብተሩን በእጄ ይዤ፣ ሳልሸፍነው፣ በመንገድ ሄድኩ። ዘሃራ በሩ ላይ ነበረች። ሁሉንም ነገርኳት። ፈተናውን፣ ስርቆቱን፣ ትከሻውን።

"አንቺ ሌባ!" አለች። "አልጋ ሥር ገብቼ ወገቤ ሊቀነጠስ! ልጅቷን በነገር ስወጋት ዋልኩ!" ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም።

ሂክማ አልሳቀችም። ደብተሩን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። ተቆጥታለች፤ መብቷ ነው።

"ቀዩን አነበቡት?" አለችኝ።

"አነበብኩት።"

"ተቀየሙኝ?"

"ቀናሁብሽ።"

"ስንት ጊዜ ልመልስልዎ አስቤ ነበር" አለች። "የሰደቃ ነገር ሆኖ፣ ሰጪዋን መልሼ ባስቀይምስ ብዬ ፈራሁ።"

እኔ መጠየቅ ፈራሁ፣ እሷ መመለስ ፈራች። ዓመት ሙሉ።

ደብተሩ እሷ ጋ ይቀራል፤ ሰደቃ ነው። ማንበብ ግን ሰደቃውን አያፈርሰውም አለች፣ አንድ ላይ እናንብብ አለች። እሺ አልኩ። ቅናቱ ግን አለ። ይለቀኛል ብዬ ሄጄ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ውጤቱ ዛሬ ነው የሚለጠፈው። ሂክማ ልምምዷን ስትጨርስ በኮሌጁ በኩል አልፋ አይታ እንድትደውል ተባባልን። ዘሃራ የልጇን የመጀመሪያ ቀን ለመስማት እኔ ቤት መጥታ ጠበቀች። መኪናዬን ከፍቼ አንድ ኮሌታ ሦስት ጊዜ ሰፋሁ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ።

አስር ሰዓት ላይ ደወለች። "እትዬ ሰዓዳ፣ ስምዎ አለ። ከላይ ስድስተኛ። ካለፉት አስራ አንድ ሰዎች!"

ዘሃራ እልል አለች። ጀመረችው እንጂ አልጨረሰችውም። ስልኩን ተቀብላ ከልጇ ጋር ሁለት ቃል አወራች፣ ሰጠችኝ፣ ተቀመጠች። ሂክማ አብረን እናጠናለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶርም ይምጡ ትለኛለች። ዘሃራ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

ስልኩን ስዘጋው፣ ሳልጠይቃት፣ "እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩ" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"አሁን ከልጄ ጋር ስለ ደም ታወራላችሁ። እኔ ምን አወራታለሁ? በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ ነው የማውቀው።"

አንቺንም እናስረዳሻለን፣ አብረን እናወራለን፣ አልኳት። አልሰማችኝም። ፊቷ ላይ የነበረውን አውቀዋለሁ። ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቶ ነበር። እስከ በሯ ሸኘኋት፣ እጇን ያዝኩላት፣ ከልቤ ነው የያዝኩላት።

ግን እውነቱን ልጻፍ። ከዓመት በላይ ማንም ቀንቶብኝ አያውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ራቴን በደንብ በላሁ።