የአባባ እህት መጥተው ነበር

እማዬ፣

ካንቺ ከተለየን ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትሽንም አውጥተናል። ጎረቤቱ ሁሉ «እናትሽን አኮራሻት» ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ቀበሌ የግቢውን እኩሌታ ለኅብረት ሱቅ ወስዶታል፤ የተከልሽው ኮክ ግን ከእኛ ወገን ቀርቷል።

አባባ ከየት እንደመጡ ሳታውቂ ሞትሽ። አባትሽ ሆነው እንኳ፣ ስትጠይቂያቸው በእጃቸው ወደ ቆላው እያሳዩ «ከወዲያ» ብቻ ይሉሽ ነበር። በየፋሲካው ሥጋ ሲቀርብላቸው «አይስማማኝም» ብለው ሽሮ ሲጠይቁ ትዝ ይልሻል? «ለአባባ ጾሙ አልተፈታላቸውም» እያልን እንስቅ ነበር። አንቺም ትስቂ ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ምስጢሩን ያወጡት ከቀብርሽ በኋላ ነው። አባባ በልጅነታቸው ከጨው ነጋዴዎች ጋር መጥተው ነበር፤ ንዳድ ሲጥላቸው ነጋዴዎቹ እዚሁ ትተዋቸው ሄዱ። ያሳደጋቸው ቤተሰብ ክርስትና አስነሣቸው። እማማ ብርቄ የነጋዴዎቹንም አገር ነገሩኝ። የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ በእህል መኪና ተጭኜ ወልዲያን አልፌ ወረድኩ። ድሮ ልጅ የጠፋበት ቤት እንዳለ በየሱቁ ጠየቅሁ።

እማዬ፣ አክስት አለሽ! ዘሀራ ይባላሉ፤ ሲስቁ ጉንጫቸው እንዳንቺ ይሰረጉዳል። «የወንድሜን መቃብር ብቻ አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ የለመኑኝ ነገር የለም።

ለሙት ዓመትሽ ይዣቸው መጣሁ። ትከሻዬን ይዘው አባባ እስከተቀበሩበት እስከ አሸተን ማርያም ወጡ። ከቅጥሩ ውጭ ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

በዋዜማው ለወንድምሽ ለጋሼ ሞላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸውን ለቄስ ልጅ ሊድሩ ነውና «ሰርጉ ይለፍ፤ እስከዚያ እንግዳ ናቸው በይ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በድግስ ለእስላም ጎረቤቶቻችን ለብቻ እንደምናሳርድ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ግን እስላሞቹን አልጠራንም ነበር፤ ለአንዲት እንግዳ በግ ባሳርድ «ማናቸው?» ይባላል ብዬ ፈራሁና ተውኩት።

በድግሱ ቀን በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሽሮ እንኳ አልተሠራም ነበር። አሳላፊዋ የሥጋውን ወጥ ልትጨምርላቸው ጎንበስ ስትል ሳህኑን በእጃቸው ከለል አድርገው «አይስማማኝም፣ ልጄ» አሉ። እኔን እያዩ ፈገግ አሉ። ከሰው አፍ ሊያድኑኝ ነው። ከዚያ ደረቁን እንጀራ ቆርሰው በሉ። ጋሼ ሞላ አቀረቀሩ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አባባ ያን ሁሉ ፋሲካ እንዲህ ነበር ከእኛ ጋር የተቀመጡት።

አፍሬያለሁ፣ እማዬ። በእሳቸው ስቄ፣ እህታቸውን ደግሞ ደበቅሁ።

ሰርጉን አልጠብቅም። ይህን ደብዳቤ እሑድ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ጋሼ ሞላም ባሉበት አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ አገራቸው ወርጄ አክስትሽን እንደገና አመጣቸዋለሁ፤ በጉን ለሚያርደው እስላም ጎረቤታችን ተናግሬያለሁ። የአባባ እህት ናቸው ብዬ አንቺ ትቀመጪበት ከነበረው ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ። አንቺንም አባባንም በዚያ ማዕድ አስባችኋለሁ።

እስከዚያ ፎቶሽን አላየውም።

ልጅሽ