የአባትሽን ስም ስለጠራሁበት ቪዲዮ

ውድ ፈሪዳ፣

በእጄ ከጻፍኩ ስለቆየሁ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ እንዳትስቂብኝ። ብትስቂም ደስ ይለኛል፤ ሳቅሽን ከሰማሁ አምስት ወር አልፎኛል። ስደውል አታነሺም፣ በቲክቶክም በቴሌግራምም ብሎክ አድርገሽኛል። ደግ አድርገሻል። እኔም አንቺን ብሆን ኖሮ ትርንጎን ብሎክ አደርጋት ነበር። ወረቀት ግን ብሎክ አይደረግም፤ ቢበዛ ይቀደዳል። ስለዚህ ይህን በባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ወደ አክስትሽ ሱቅ ልኬልሻለሁ። ከመቅደድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

ስንጀምር ስልኩ ያንቺ፣ ምላሱ የኔ ነበር። ቅዳሜ ገበያ እንገባለን፤ አንቺ ትቀርጫለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ። ድንች ስንት ገባ፣ ከጉና የወረደው ገብስ የቱ ለቆሎ የቱ ለጠላ ይሆናል፣ የትኛው በግ በውኃ ተነፍቶ ነው የቀረበው። አንቺ ከካሜራው ጀርባ «አጋነንሽ!» ብለሽ ትቆርጪኝና እንደገና እንቀርጻለን። ሰው የወደደን ለዚያ ነው። ስልሳ ሺህ ተከታይ ስንደርስ እኔ ራሴን ተጽዕኖ ፈጣሪ ብዬ መጥራት ጀመርኩ፤ አንቺ «የገበያ ወሬኛ» አልሽኝ። ያንቺው ይሻል ነበር።

ከዚያ ታምራት መጣ። አዲስ የከፈተውን የብርድ ልብስ ሱቅ እንድናስተዋውቅለት ፈልጎ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «ክፍያ እንዳይመስልሽ፣ ስጦታ ነው» አለኝ። ብርድ ልብሱን «የጉና ባና» ይለዋል። ባና ምን እንደሆነ ለአንቺ አይነገርም፤ አባትሽ ጋሼ ዩኑስ ከበግ ፀጉር ሲሸምኑት እያየሽ ነው ያደግሽው። አንዱን አንስተሽ በሁለት ጣትሽ አሸት አደረግሽው። ከጫፉ አንድ ክር መዘሽ ክብሪት ጫርሽበት። የበግ ፀጉር ቢሆን እንደ ተቃጠለ የሰው ፀጉር ይሸትና አመድ ይሆን ነበር። ይሄኛው ቀለጠ፤ ጥቁር ጠብታ ሆኖ የክብሪቱ እንጨት ላይ ተጣበቀ።

«ትርንጎ፣ ይሄ ናይለን ነው» አልሽኝ።

«ይሞቃል አይደል? ሰው የሚፈልገው ሙቀቱን ነው።»

«እንግዲያው ናይለን ነው ብለሽ አስተዋውቂው። ማስታወቂያ መሆኑንም ጻፊበት።»

«እንዲህ ካልኩማ ማን ይገዛዋል!»

ስልክሽን ኪስሽ ከተሽ ወጣሽ። እኔ አዲሱን ስልክ ከካርቶኑ አወጣሁ።

ቪዲዮውን አይተሽዋል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ከኔ አፍ አልሰማሽም። ታምራት ጽፎ የሰጠኝ «የጉና ባና፣ በቅናሽ» የሚለውን ብቻ ነበር። የቀሩት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የራሴ ናቸው። አንዱ «እንደ እናቶቻችን ባና ነው፤ እሳት ዳር ብትተኙበትም ምንም አይላችሁ» የሚለው ነው። ሌላው «የባለሙያው የጋሼ ዩኑስ ልጅ ፈሪዳ በእጇ ዳስሳ አረጋግጣለች» የሚለው። ማንም አላዘዘኝም፤ ያሳመርኩት መስሎኝ ነው። እየሳቅኩ ነበር የተናገርኩት፣ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ሳቄ ነው።

አንቺ ወደ ባሕር ዳር በሄድሽ በሦስተኛው ወር ገበያ መሐል አንዲት ሴት ክንዷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሕፃን አዝላ መጣችብኝ። ፈንታነሽ ትባላለች፤ ቤቷ ከገሳይ በላይ፣ ወደ ጉና በሚወጣው በኩል ነው። ልትወልድ ስትቃረብ ቪዲዮዬን አይታ የእናቷን ባና ለታናሽ እህቷ ሰጠችና የታምራትን ገዛች። በዚያ ብርድ አራስ ከምድጃ አትርቅም። ባና ላይ ፍም ቢፈናጠር ደግሞ ማንም አይደነግጥም፤ በመዳፍ መታ ያደርጉታል፣ ጠቁሮ ይቀራል። እሷም ማለዳ ላይ እንጨቱ ፈንድቶ ፍም ሲያርፍበት የለመደችውን አደረገች። ናይለኑ ቀልጦ ከመዳፏ እስከ ክንዷ ተጣበቀባት። ሕፃኑ በሌላው ጎኗ ነበር፣ ተመስገን።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የቪዲዮዋ ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «ባሌ አላማረውም ነበር። የዩኑስ ልጅ ዳስሳዋለች እኮ ብዬ ነው ያስገዛሁት። የእሳቸው ባና እናቴ ቤት ሃያ ዓመት ኖሯል። ምነው እንዲህ አደረጋችሁኝ?»

«አደረጋችሁኝ» ነው ያለችው፣ ፈሪዳ። አንቺንም አባትሽንም ከኔ ጋር ደርባ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጠበቃው አዲስዓለም ጋ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሄድኩት ማምለጫ ፍለጋ ነው። «ስልኩ ስጦታ ነው፤ እንግዲህ ማስታወቂያ አይባልም አይደል?» አልኩት።

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ሰውየው ስልክ የሰጠሽ ዓይንሽ አምሮት ነው? ብር ይሁን ዕቃ፣ እንድትናገሪለት ከሰጠሽ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ማስታወቂያነቱ ተለይቶ ይታወቃል፤ እውነትም ይሆናል። የሰው ስም ሳያስፈቅዱ መጥራት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሻጩም ይጠየቃል፣ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

«እኔ ምን ቴሌቪዥን ጣቢያ ነኝ?» ስለው፣ «ስልሳ ሺህ ሰው ይሰማሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ። አንቺ ዓመት ሙሉ በነፃ የነገርሽኝን ከሱ ከፍዬ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ አልፈራሁም። ታውቂኛለሽ፣ አንዴ ከወሰንኩ ወሰንኩ ነው። ከሳሽ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ያንኑ ቀን ስልኩን በካርቶኑ ይዤ ታምራት ሱቅ ገባሁ። «ቪዲዮውን አጥፊውና እንርሳው» አለኝ። «የፈንታነሽን ክንድ ማን ያጠፋልኛል?» አልኩትና አስረክቤው ወጣሁ። የወንድሜን የፋሲልን ስልክ ተውሼ፣ ገበያው መሐል ቆሜ፣ የባናና የናይለን ክር ጎን ለጎን አቃጠልኩ። ከላይ በትልቁ «ተከፍሎኝ ነበር፤ ያልኩትም ውሸት ነበር። ብርድ ልብሱን ከእሳት አርቁት» ብዬ ጻፍኩ። ፈንታነሽ ክንዷን እንዳሳይ ፈቀደችልኝ፤ ፊቷን አልፈለገችም፣ አላሳየሁም። የሕክምናዋን ወጪ እኔ ይዣለሁ። ቤቴ የነበረውን ባናም ወስጄ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አስጠግታ አሸተተችውና «ይሄስ በግ በግ ይላል» ብላ ሳቀች።

ስድቡን ብትሰሚው! ግማሹ ይገባኛል፣ ለግማሹ መልስ እሰጣለሁ። አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ ጥሎኝ ሄዷል፤ የቀረው ይበቃኛል። አሁን የተከፈለኝ ቪዲዮ ሲሆን የመጀመሪያው ቃሌ «ተከፍሎኛል» ነው። ታምራትም ገዢዎች የመለሱለትን ብርድ ልብስ ተቀብሎ «ናይለን፣ ከእሳት ይራቅ» የሚል ለጥፎ ይሸጣል። ደግሞም ይገዙታል እኮ! አንቺ ያልሽው ሆነ።

አንድ ነገር ግን አላለቀም። ውሸቴን ባመንኩበት ቪዲዮ የአባትሽን ስም አላነሳሁም፤ ሳላስፈቅድ ሁለተኛ እንዳልጠራው ብዬ። ሰው ግን የመጀመሪያውን አልረሳም። «የዩኑስ ልጅ አረጋግጣ የለም እንዴ? እነሱም በልተዋል» ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ዩኑስ ጋ ባና ሊገዛ ክብሪት ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ የሠሩትን ፊታቸው ላይ ክር መዘው ያቃጥሉባቸዋል። አንድ ቀን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገዢው ሲወጣ ጠጋ አልኩና «ጋሼ፣ ስምዎትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ተናግሬ ላጽዳው፣ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ «ስታበላሺው ጠይቀሽኝ ነበር?» አሉኝ።

«አልጠየቅኩዎትም።»

«ዛሬ መጠየቅሽ ደግ ነው። እኔ አውፍ ብዬሻለሁ፣ አላህም ይቅር ይበልሽ። ግን ዳሰሰች ያልሽው እጅ የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው። እሷ ከፈቀደች እኔም ፈቅጃለሁ።»

የምጠይቅሽ ይህንን ነው። የምናገረው ቃል በቃል ይኸው፦ «ፈሪዳ ዩኑስ ያንን ብርድ ልብስ ዳስሳ ናይለን ነው ብላ ነግራኛለች። ማስታወቂያ መሆኑን ጻፊ ብላኛለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የእሷንና የአባቷን ስም ሳላስፈቅድ ጠራሁ፣ በስማቸውም ዋሸሁ። እነሱ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።» አጋንኜ ከሆነ ቁረጪኝ። የጎደለ ካለ ጨምሪ። ስሜን አትጥሪ ካልሽም አልጠራም፤ ክብሪት ይዞ የመጣውን ሁሉ አባትሽ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ምላስ እንደሆነ አላነሰኝም።

ተመለሺ ብዬ አላስጨንቅሽም። ናፍቀሽኛል ግን፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ከካሜራው ጀርባ ያለው ፋሲል ነው፤ ያልኩትን ሁሉ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ያናድደኛል። ይቅርታሽንም የምጠብቀው አንቺ በፈለግሽበት ጊዜ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ክር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አንዱ ከታምራት ሱቅ ነው፤ ሌላውን ጋሼ ዩኑስ ራሳቸው ከሽመናቸው ቆርጠው ሰጥተውኛል። የቱ የማን እንደሆነ አልጻፍኩበትም፤ ክብሪትም አልላክሁም፣ አያስፈልግሽም። በጣትሽ ዳስሺና የአባትሽን አስቀሪው፣ ሌላውን ከመልስሽ ጋር በሹፌሩ መልሺልኝ። ፈሪዳ ዳስሳዋለች ብዬ አፌን የምከፍተው እሱ እጄ ሲገባ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ማንም ያልከፈላት፣
ትርንጎ
ደብረ ታቦር