ቀዩ ወጣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ደመቀች።

ጻፍኩት። እጄ አልደረቀም። የሟቹ ባሌ እናት ናት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ ስሟ ካፌ ወጥቶ አያውቅም። ባሊሻ ነዋ... ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እሱ ብቻ ቢሆን በቀለለኝ። ከስሟ ጋር አንድ አነሳስ ያለውንም ቃል አትጠራም። ደመና ሲመጣ "ሰማዩ ጠቆረ"። የልጄ የቲቶ ደመወዝ "የወር ብር"። ደም ደግሞ "ቀዩ"።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ሆሳዕና፣ በጎልማሶች ክፍል። አንድ ቀን አስተማሪው ታዴዎስ ሰሌዳው ላይ "ደመና" ብሎ ጻፈና አንብቢ ተባልኩ። "ሰማዩ ጠቆረ" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እትዬ እልፍነሽ፣ የጻፍኩት አንድ ቃል፣ ያነበቡት ሁለት!" አለ። ከዚያ ወዲህ በርትቼ ተማርኩ። በእልህ።

ዛሬ ሌላ ምንም የለም። ከገበያ ቆጮ አመጣሁ። አልጋ ይዛለች፣ አንሶላዋን አጠብኩ፣ ወተቷን አሞቅኩ። ፊት ለፊት "እማማ፣ ይጠጡ" እላለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቺ ነሽ። ማንበብም አትችይ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የቲቶ ሚስት አቢጋኤል ካረገዘች ዘጠኝ ሳምንቷ ነው። የዳምቦያ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነው የምንግባባው። ታስተምራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትተኛለች። ቅቤ ሳነጥር ሸትቷት ሮጣ ወጣች፣ አስመለሳት። ትናንት ደግሞ ቲቶ ቀዝቃዛ ሻይ ሰጠኝ ብላ አለቀሰች።

"ኖርማል ነው እማዬ" ትለኛለች። "እስከ ሦስት ወር ግድም ነው። ትንሽ ትንሽ እየቆራረስሽ ብዪ ብለውኛል።" ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጥተዋታል፣ ቀይ ቀይ። ለእሷም አቅም፣ ለጽንሱም።

ኖርማል! እኔ ሳስመልስ "ሥራ ጠልታ ነው" ነበር የተባልኩት።

ቲቶ ስልኩን ከፍቶ ያነብላታል። "አሁን የወይን ፍሬ ያህላል" አለ። "ወይን የት ታውቅና?" አልኩት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የኔን ማን በምን ለካው?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስለ ጌታ ደም ሲዘመር አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ስንት ዓመት! ከጎኔ የምትቀመጠው ሐዳሳ ትንፋሽ ያጠረኝ ይመስላታል። "ጉንፋኑ አለቀቀሽም?" ትለኛለች።

የመጀመሪያዬ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ያኔ ከሆመቾ ወዲያ ገጠር ነን። "ውሃ ቅጂ" አለችኝ አማቴ። እንስራውን ሞልቼ ዳገቱን ወጣሁ። በማግስቱ ታየኝ። እሷው ይዛኝ ክሊኒክ ሄደች። ድሬሰሩ ሀዲይኛ አይሰማም። በሀዲይኛ የደም ስሙ ሌላ ነው፣ ከስሟ ጋር አይነካካም፣ አፌን ሞልቼ እናገረው ነበር። በአማርኛ ግን... እሷ አጠገቤ ቆማለች።

"ምንሽን አመመሽ?"

"ቀዩ መጣብኝ።"

"ምንሽ ነው የቀላው?"

ዓይኔ ቀልቷል፣ ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ቀና አደረገኝ፣ ዓይኔን ገልጦ አየና ቅባት ሰጠኝ።

የዓይን ቅባት!

በሦስተኛው ቀን ወረደ። "እንስራ ስታነሳ ገደለችው" ብላ ለመንደሩ አወራች። የላከችኝ ማን ነበር? ቅባቱን ለራሷ ተቀባችው። ዓይኔን ተሻለኝ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እማማን እያጠብኳት አቢጋኤል በሩ ላይ ቆመች። "እማዬ፣ ቀዩ ወጣ" አለች፣ በሹክሹክታ። ኪኒኑን አስመለሳት። "አይዞሽ፣ እስኪለምድሽ ነው" አልኳት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እንዴታ! ሂጂ ተኚ።"

ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ሰው በአንዲት ኪኒን እንዲህ ይፈራል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አቢጋኤል ተኝታ ነው፣ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ የተወችውን ልጠብላት ብዬ ገለበጥኩት። ጨርቁን አየሁ።

ቀዩ። ኪኒን አልነበረም።

ሮጬ ገባሁ። "ለምን በስሙ አልጠራሽውም?" ብዬ ጮህኩባት።

"እርስዎ አይደሉ ያሉኝ? ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሳምንት! 'እማማ ባሉበት ቤት ያንን ቃል እንዳትጠሪ፣ ቀዩ በይ' አላሉኝም? ማክሰኞ ነገርኩዎት እኮ። አይዞሽ አሉኝ። እናት ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ..." አልጨረሰችውም።

እውነቷን ነው። ብያታለሁ። እዚያው በር ላይ።

ባጃጅ ጠራሁ። ጀሚል ነው፣ የሰፈራችን ልጅ። "አይዞሽ እህቴ፣ ጉድጓዱን በጎን አልፈዋለሁ" እያለ በቀስታ ነዳ። ጤና ጣቢያ ወረፋው እስከ በሩ ነው። ነርሷ ካርድ እንደያዘች "ምን ሆና ነው?" አለችኝ። አፌ "ቀ..." ብሎ ጀመረ። ለምዶ! ዋጥኩት።

"ደም! ደም አላት! ደም!"

ሰው ሁሉ ዞረ።

"ሰምቻለሁ እማማ፣ አይጩሁብኝ" አለች። ፈቲያ ትባላለች። ያኔውኑ አስገባቻት።

በማሽኑ አዩዋት። ቴሌቪዥን በሚያክል ነገር ላይ አንዲት የመርፌ ጫፍ ብልጭ ብልጭ ትላለች። "ልቡ ነው፣ ይመታል" አሉ። ግድግዳውን ያዝኩ።

"በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም የሚያዩ ብዙ ናቸው" አለቻት ፈቲያ። "ብዙዎቹም በሰላም ይወልዳሉ። ግን የሚመጣው ባዩበት ሰዓት ነው፣ በሁለተኛው ቀን አይደለም። ከበዛ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ፣ ካዞረሽ፣ ሰዓት ሳትዪ ነይ። ማን ነው ተኚ ያለሽ?"

አቢጋኤል መሬት መሬት አየች። ስሜን አልጠራችም። ከባሊሻ ይሁን ከእዝነት እንጃ።

ልንወጣ ስንል ፈቲያን ለብቻዋ ጠየቅኳት። እንስራ ያስወርዳል ወይ?

"በዚያ ጊዜ የሚወርደው አብዛኛው ከጅምሩ ሳይስተካከል የቀረ ነው እማማ። እናትየዋ አጥፍታ አይደለም።"

"በጊዜው ቢታወቅስ?"

"ብዙ ጊዜ ማስቀረት አይቻልም። ግን እናትየዋ ትታያለች። ብቻዋን አትተውም።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ታዲያ ያኔ ቃሉን ብናገረውም ላይተርፍ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በምን ጠላኋት?

አይ... አለኝ የምጠላበት። ገዳይ ተብያለሁ። የዓይን ቅባት በእጄ ይዤ ብቻዬን ደምቻለሁ። እሱ ይበቃኛል።

አቢጋኤልን "ቀዩ በይ" ያላት ግን ደመቀች አይደለችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አሥራ ሁለት ሳምንት። ደሙ ከቆመ ሁለት ሳምንት አለፈው። ትናንት ታይታ መጣች፣ ደህና ነው ብለዋታል። ቅቤም ሸትቷት አልሮጠችም። እኔን ግን "እሺ" እና "አይ" ብቻ ስትለኝ ነው የከረመችው። ይገባኛል።

ዛሬ ጠራኋትና እማማ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኳት።

"እማማ፣ ልጅቷ ደም ነበራት። አሁን ቆሟል" አልኩ። በአማርኛ።

አሮጊቷ ከግድግዳው ዞረች። አማርኛ ብዙም አይገባት፣ ስሟ ግን አያመልጣትም። "ምን አልሽ?" አለች በሀዲይኛ።

"ደም አልኩ። ደመቀችም እላለሁ።" የቀረውን በሀዲይኛ ነገርኳት፣ አንድም ሳይቀር እንዲገባት። "ያኔ ዓይኔን አልነበረም ያመመኝ። እርስዎም ያውቁ ነበር። ልጄን እኔ አልገደልኩትም።"

አየችኝ። ይቅርታ ልትል ነው? ልትራገም ነው? አንገቴን ሰግጌ ጠበቅኩ። ለካ አሁንም እጠብቃለሁ...

"ወተቱ ቀዝቅዟል" አለች።

አሞቅኩላት። አልጋ ላይ የዋለች ሴት ናት፣ አልጥላትም። ፍቅር ግን አይደለም። ይህም ይጻፍ።

አቢጋኤል ተከትላኝ ማድ ቤት ገባች። "ጉድ! እማዬ፣ እንዲህም ይባላል?" አለች።

"ይባላል። አንቺም እልፍነሽ በይኝ።"

"ኧረ በስመ አብ! አልደፍርም።"

"በይ!"

"እልፍነሽ" አለችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ከማክሰኞዋ ወዲህ ስትስቅልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ነገ እሑድ ነው። መዝሙሩ እዚያ ቃል ጋ ሲደርስ፣ ከእንግዲህ አፌን ብቻ አላንቀሳቅስም።